ብጣሽ ጨርቅ በእጅ መስፋት፦ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ እስከ ረከቦት ልብስ

የካ አባዶ ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ ገላን ይሁን ለገጣፎ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ልብስ ሰፊ መሆኑ አይቀርም። ከሲንጀሩ እግር አጠገብ የማዳበሪያ ከረጢት አለ። የዩኒፎርም ቁራጭ፣ የሀበሻ ቀሚስ ትርፍ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ ያጠረ ሱሪ ቅሪት እዚያ ይገባል። ሲሞላ ወይ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይወስዱታል፣ ወይ ሜዳ ላይ ይቃጠላል። ለዚህ ሥራ ከዚያ ከረጢት የሚያስፈልገው ሩብ ኪሎ ብቻ ነው።

በሩብ ኪሎው የሚሠራው 45 በ45 ሳ.ሜ. የሆነ፣ ሲኒ የተደረደረበትን ረከቦት ከአቧራና ከዝንብ የሚሸፍን ጨርቅ ነው። የእርስዎ ረከቦት ሰፋ ወይም ጠበብ ካለ ላዩን በሜትር ለክተው በየጎኑ 5 ሳ.ሜ. ይጨምሩ፤ ጨርቁ ወረድ ካላለ ነፋስ ያነሳዋል። በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚሰፋ ሰው ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በማሽን አንድ ከሰዓት ይበቃው ነበር፤ መፍጠን ለፈለገ ማሽኑ አለለት።

የእጅ ስፌት ተጨማዶና ተንጋዶ ሲወጣ ብዙ ሰው «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እጅ አላጠፋም። ጨርቁ ሳይለይ፣ ሳይታጠብ፣ ሳይወሰወስ (ማለትም ለጊዜው በልል ስፌት ሳይያያዝ) ወደ መርፌ ሄዶ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከመርፌው በፊት ስላለው ሥራ የምንለው ስለ መርፌው ከምንለው ይበዛል።

ስሙም አያሳፍር። ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደራረቡ መስፋት በአማርኛ መደረት ነው፤ የተደረተውም ድሪቶ ይባላል። ቃሉ የችግረኛና የባሕታዊ ልብስ ስም ሆኖ ስለኖረ ዛሬ ሲጠሩት ስድብ ይመስላል። ጃፓኖች ቦሮ የሚሉት ግን ከገበሬ ቤት የወጣ ድሪቶ ነው። ቤንጋሎችም ያረጀ ሳሪ ደራርበው በተራ ስፌት ያያይዙና ካንታ ይሉታል፤ ክሩን ሳይቀር ከሳሪው ጠርዝ ይመዙት ነበር። ሁለቱም አሁን ሙዚየም ውስጥ ተሰቅለው ይታያሉ።

ብጣሹን መልቀም

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲሉ፣ የሸማ ትርፍ ለመልቀም ከበዓሉ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ጥሩ ናቸው። የዩኒፎርም ቁራጭ የሚበዛው ደግሞ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሥራ ሲደራረብበት ሳይሆን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ይሂዱ። «ጋሼ፣ መዳፍ የሚያህለው ብጣሽ እንዳይጣልብኝ፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ» ብለው የራስዎን ፌስታል ምስማሩ ላይ ሰቅለው ይምጡ። ከረጢቱን ልበርብር ብሎ ከመጠየቅ ይህ ይሻላል፤ የደንበኛ ጨርቅ ሊቀላቀል ስለሚችል መበርበሩን ማንም ልብስ ሰፊ አይወደውም።

ጀማሪን የሚያደክመው ስስት ነው። ሦስት ፌስታል ጨርቅ አልጋ ሥር ያስገባ ሰው፣ ገና ሳይጀምር ሥራው ዕዳ ይሆንበታል። የሚፈልጉት ከመዳፍ የማያንሱ፣ ከሁለት መዳፍ የማይበልጡ ከ20 እስከ 25 ቁራጮች ነው። ሩብ ኪሎ የተባለውም መምረጫ እንዲኖርዎት ነው እንጂ ሥራው ላይ የሚውለው ከዚያ ያንሳል።

ከቤትም ይወጣል። ያረጀ የወንድ ሸሚዝ ብዙ ጊዜ ጥሩ ጥጥ ነው፤ ጀርባው ሰፊና ያልተነካ ነው፣ ኮሌታውና ብብቱ ግን አልቋል። መስኮት ላይ ዘርግተው ብርሃን ያሳዩት፤ ወንፊት የመሰለውን ክፍል ቆርጠው ይተዉት። ለልዋጭ ተሰጥቶ በአንድ ፕላስቲክ ሳህን የሚለወጠው ክምር ውስጥ ከሳህኑ የሚበልጥ ጨርቅ አይጠፋም። አዲስ ጨርቅ ገዝቶ እየቆራረጡ «ብጣሽ» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

ለሥር የሚሆን አንድ ሙሉ ጨርቅም ያስፈልጋል፦ 52 በ52 ሳ.ሜ. ያረጀ የአልጋ ልብስ ወይም አቡጀዲ። ለመሃል ደግሞ ያረጀ ጋቢ። ጋቢ አራት ንብር ስለሆነ ስፌቱን ተርትረው አንዱን ንብር ብቻ ይውሰዱና 46 በ46 ይቁረጡ። አራቱን እንዳለ ካስገቡት መርፌው አያልፍም፤ ቢያልፍም ጣትዎን ይዞ ነው።

የጨርቁን ዓይነት መለየት

ጥጥን ከፖሊስተር በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ በእሳት ግን ቀላል ነው። ከየጨርቁ የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ይዘው፣ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ ሆነው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ የሚተርፈው በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝም ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አመዱ ውስጥ ጠጣር ነገር ከቀረ ቅልቅል ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ይህን ሕፃናት ባሉበት አያድርጉት።

ፖሊስተር ለዚህ ሥራ የማይመረጠው መርፌ ስለሚያንሸራትት፣ ጠርዙ እጥፋት ስለማይዝና ከከሰል ምድጃ በምትፈናጠር አንዲት ብልጭታ ስለሚበሳ ነው። ረከቦት ደግሞ ከከሰል አይርቅም። ቢሆንም ወደ ቆሻሻው አይመልሱት፤ በስብሶ አያልቅም፣ ሲቃጠል ጭሱ መጥፎ ነው። ለእግር መጥረጊያ ወይም ለትራስ መሙያ ለብቻው ይቀመጥ።

ቀጥሎ ክብደት ነው። ጂንስና የነጠላ ቁራጭ ጎን ለጎን ቢሰፉ ለመጀመሪያው ወር ያምራሉ። ከዚያ ነጠላው ከስፌቱ መስመር ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሲሳብ ጂንሱ አይለጠጥም፣ ኃይሉ ሁሉ መርፌ የበሳቸው የነጠላው ቀዳዳዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቁራጮቹን በጣትና በጣት መሃል እያሹ በሦስት ይክፈሉ፦ ነጠላ የሚመስል ስስ፣ ሸሚዝ የሚመስል መካከለኛ፣ ካኪና ጂንስ የሚመስል ወፍራም። ለመጀመሪያ ሥራ መካከለኛውን ይዘው ከስሱ ትንሽ ይጨምሩበት፤ ወፍራሙን ይተዉት። ቲሸርትና ሹራብ ስለሚለጠጡ ጨርሶ አይገቡም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ቁራጭም እንዲሁ፤ ሱፍ ስለሆነ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ተኮማትሮ ጎረቤቱን ይጎትታል።

ማጠብ፣ ቀለም መፈተን፣ ማድረቅ

ሳይታጠብ የሚሰፋ ጨርቅ አይኑር፣ አዲስ ቢመስልም። ሸማ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ይኮማተራል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተኮማተረ ሙሉውን ሥራ ያጨማድደዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉንም በአንድ ቀን ይጨርሱት፤ አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ለሩብ ኪሎ ከበቂ በላይ ነው። ቁርጥራጮቹን በአሮጌ ሻሽ ውስጥ አድርገው አፉን ይቋጥሩና ለብ ባለ ውኃ በሳሙና ይሹት። ልቅ አድርገው ካጠቡት የየቁራጩ ክር ይመዘዝና ሁሉም አንድ ድብልብል ይሆናል፤ ለመፍታት ግማሽ ቀን ይወስዳል። እንዶድ ለሚያገኝ ለነጭ ሸማ ጥሩ ነው። በረኪና ግን ይቅር፤ ነጩን ያነጣዋል፣ ጥጡንም ይበላዋል።

ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ፣ እንዲሁም የጥለት ቁራጭ ሁሉ ለብቻው ይፈተን። አንድ ጫፉን በሙቅ ውኃ አርሰው በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው፣ ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጭነው አሥር ደቂቃ ይተዉት። ነጩ ላይ ምልክት ከቀረ ቀለም ይለቃል ማለት ነው። «ጨው ያስረዋል»፣ «ኮምጣጤ ያስረዋል» የሚባለውን አይመኑት፤ ፋብሪካ ወይም ነካሪ በትክክል ያላሰረውን ቀለም ጨው በቤት ውስጥ አያስረውም። ውኃው ጥርት እስኪል ሦስት አራት ጊዜ ያለቅልቁት፤ አሁንም ከለቀቀ ይተዉት። አንዲት ቀይ ቁራጭ የሦስት ሳምንት ሥራን ሮዝ ታደርጋለች።

የአዲስ አበባ ዳርቻ ክረምት ለማጠብ አይሆንም። በሐምሌና በነሐሴ ጨርቅ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። እርጥበቱን እንደያዘ ፌስታል ውስጥ ከገባ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ አይለቅም። ስለዚህ በግንቦት አጥበው አድርቀው ያስቀምጡና ክረምቱን ይስፉ። በበጋ ሲያጥቡ ደግሞ አቧራ ከሚነሳበት ከሰዓት ይልቅ ጠዋት ይስጡት፤ ኮብልስቶን ያልደረሰው መንገድ ዳር ያለ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሲደርቅ ይተኮስ። መብራት ከጠፋ ጨርቁን ትንሽ እርጥብ እንዳለ በእጅ ዘርግተው አጣጥፈው ፍራሽ ሥር ያሳድሩት። ነጠላና ሸማ መሰል ልል ጨርቆችን ከመቁረጥዎ በፊት ስስ አሚዶ ያስነኳቸው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ በሊትር ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ። እንደ ወረቀት ቀጥ ስለሚሉ ጠርዛቸው አይተረተርም፤ ሥራው ሲያልቅ አሚዶው በውኃ ይወጣል። ይህን ያልሠራ ሰው ነጠላን ሲያጥፍ፣ እያጠፈው ሳለ ግማሹ ክር ሆኖ እጁ ላይ ይቀራል።

ዕቃው

ሁለት መርፌ፣ ስለታም መቀስ፣ አሥር ያህል ስፒል፣ ተራ ነጭ የስፌት ክር፣ ሁለት ጥቅል የጥልፍ ክር። መርፌ ሲገዙ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል። ለዚህ ሥራ ከ5 እስከ 7 ያለው ልክ ነው። ቁጥር የሌለው ድብልቅ ማሸጊያ ከሆነ፣ ዓይኑ ረዘም ያለ፣ ውፍረቱ ግን ጨርቅ ላይ ቀዳዳ የማይተው ይምረጡ። ወስፌ መሰሉን ለመሶብ ይተዉት።

ዲኤምሲ የሚባለው የጥልፍ ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ውስጡም ስድስት ቀጫጭን ዘለላዎች አሉ። በሦስት ዘለላ ከሰፉ ከአንድ ጥቅል 16 ሜትር ይወጣል። ዘለላዎቹን ሦስቱንም ባንዴ አይጎትቱ፤ አንድ በአንድ ወደ ላይ መዘው አውጥተው እንደገና ያጣምሯቸው። አለበለዚያ ከመሃል ተጠምዝዘው ይቋጠራሉ።

ለክር ገንዘብ ማውጣት ያልፈለገ ያረጀ ነጠላ ጥለት መተርተር ይችላል። በ40 ሳ.ሜ. ቆርጠው ማጉን በመርፌ ጫፍ እያነሱ ይምዘዙ። ክሩ እንደ ተፈታ ሹሩባ የተጠማዘዘ ይሆናል፤ በውኃ አርሰው ጠርሙስ ላይ ጠምጥመው ካደረቁት ቀጥ ይላል። ከመስፋትዎ በፊት ሁለቱን ጫፍ ይዘው ይጎትቱት፤ በቀላሉ ከተበጠሰ አርጅቷል። የሚያብረቀርቀው ዘቦ ክር ለዚህ አይሆንም፣ ይሰነጣጠቃል።

ተራውን የስፌት ክር በሰም ላይ አንድ ጊዜ ቢያሳልፉት አይቋጠርም። የንብ ሰም ከሌለ የማር ሽታ ያለው እውነተኛ ጧፍ ይሆናል። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ሻማ ፓራፊን ስለሆነ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም ጥቁር ጨርቅ ላይ ይታያል። መርፌ የሚገፋውን የመሃል ጣት ለመከላከል የብረት ቆብ ከሌለ ከጫማ ሰፊ የሚገኝ ስስ ቆዳ ቆርጦ እንደ ቀለበት መስፋት ይበቃል።

መደርደርና መወስወስ

ሥሩን 52 በ52 ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የጋቢውን ንብር መሃል ላይ ያስቀምጡ፤ በየጎኑ 3 ሳ.ሜ. ትርፍ ይቀራል። እሱ በኋላ ጠርዝ ይሆናል፣ አይቁረጡት። ብጣሾቹ ከጋቢው በላይ ከታች ጀምረው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይደረደራሉ፤ የላይኛው የታችኛውን 1.5 ሳ.ሜ. ይጫነው። ከዚህ ካነሰ ጠርዙ ሲታጠፍ መሃሉ ይከፈታል። ሸማ ከሆነ 2 ሳ.ሜ. ይስጡት።

ቀለምን በተመለከተ ምክራችን ትንሽ ጥብቅ ነው፦ ሦስት ቀለም፣ ከዚያ አንዲት ደማቅ ቁራጭ፣ ያቺም ከመሃል ትንሽ ወጣ ብላ። ያለው ሁሉ ቀለም ሲገባ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ደርድረው ሲጨርሱ በስልክ ፎቶ ያንሱና በትንሹ ስክሪን ይዩት፤ በዓይን ያላዩት ጉድለት እዚያ ይታያል። አንድ ቀን ተዘርግቶ ይደር። ጠዋት አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ቦታ መቀየሩ አይቀርም።

አሁን ውስወሳው። በነጭ ክር፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. በሚረዝም ልል ስፌት፣ በየ8 ሳ.ሜ. መስመር እያወጡ ሦስቱንም ንብር ያያይዙ። ከዳር ወደ መሃል ከወሰወሱ ትርፉ ጨርቅ ሁሉ መሃል ላይ ተገፍቶ ያብጣል፣ የሚያስወጣውም የለም። ባለቀለም ክር አይጠቀሙ፤ ሲመዘዝ በነጭ ጨርቅ ላይ ቀለም ያለው ጭረት ይተዋል። ይህን ደረጃ በስፒል ብቻ ለመተካት የሚሞክር ብዙ ነው። ስፒል ክሩን እየያዘ ያስቸግራል፣ ሲንቀሳቀስ ይወድቃል፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ ረጅም ነው። አርባ ደቂቃውን ይስጡት።

ስፌቱ

መጀመሪያ የየብጣሹ ጠርዝ ይያዝ። 7 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ አጥፈው በጥፍር ያስምሩት፣ ከዚያ ከእጥፋቱ ሥር አውጥተው ጠርዙን ብቻ ነካ እያደረጉ ይዘምዝሙት፤ በዝምዝማቱ መካከል 5 ሚ.ሜ. ይበቃል። እንደ ሸሚዝ ጨርቅ ጥብቅ የሆነውን ሳያጥፉ እንዳለ መተውም ይቻላል፤ ጠርዙ ሲታጠብ ጥቂት ይሳሳል፣ እሱም ያምርበታል። ሸማን ግን ሳያጥፉ አይተዉት።

ቀጥሎ ሙሉውን የሚይዘው ተራ ስፌት ነው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች። ክሩ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን፣ ማለትም 45 ሳ.ሜ. ገደማ ይሁን። ረጅም ክር ቶሎ እንደሚያስጨርስ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስፌት ክሩን በቀዳዳው እያፋጨ ስለሚያሳልፈው መጨረሻው ላይ ፀጉር አብቅሎ ይበጠሳል። ቋጠሮውን በብጣሹና በጋቢው መሃል ይደብቁት፣ ከሥር አይታይ።

የላዩ ስፌት የስንዴ ፍሬ ያህል፣ የታቹ የዚያ ግማሽ ይሁን። መርፌው ላይ ሦስት ወይም አራት ስፌት ጭነው አንዴ ይሳቡ። እዚህ ጋ ትንሽ ይቆዩ፦ ክሩ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ዝም ሲል ነው የሚበቃው። ከዚያ አንዲት ሚሊ ሜትር ቢስቡ ጨርቁ ሽብሽብ ማለት ይጀምራል። መስመሩ ዳር ሲደርሱ አውራ ጣትዎን ከመጀመሪያው ስፌት እስከ መጨረሻው ጫን አድርገው ያንሸራትቱ፤ የጠበቀው ይላላል፣ ጨርቁም ይዘረጋል። ይህን በየመስመሩ ያደረገ ሰው ሥራ ከሌላው ተለይቶ ይታወቃል።

በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሳ.ሜ. ይተዉ። በእስኪሪብቶ አያስምሩ፤ የቀለሙ ምልክት ይቀራል። የደረቀ ሳሙና ስባሪ ወይም የጥፍር ጭረት ይበቃል። መስመሩ ቢወላገድ አይተርትሩት፤ ቀጣዩን መስመር ወላጋውን ተከትለው ይስፉ፣ ሁሉም አብሮ ሲወዛወዝ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የሚተረተረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የተጨማደደ ቦታና ሥሩን ያልያዘ ስፌት። ስለዚህ በየሁለት መስመሩ ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ከሥር ስፌቱ የጠፋበት ቦታ ካለ መርፌው በጣም ተንጋሎ ገብቶ ጋቢውን ብቻ ይዞ ወጥቷል፤ ቀና አድርገው ይውጉት።

ክሩ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ቋጠሮ ካበዛ ጥፋቱ ጣትዎ ሳይታወቅዎት መርፌውን ስለሚያዞረው ነው። ጨርቁን ከፍ አድርገው መርፌውን ወደ ታች ይልቀቁት፤ ተሽከርክሮ ራሱን ይፈታል። ቋጠሮ ሲገጥም በኃይል አይጎትቱ፣ የመርፌውን ጫፍ መሃሉ አስገብተው ላላ ያድርጉት። ክሩ ዘወትር በመርፌው ዓይን በኩል የሚበጠስ ከሆነ በየጥቂት ስፌቱ መርፌውን ትንሽ ወደፊት ያንሸራትቱት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እያለቀ ነውና።

ጣት ተወግቶ ደም ከነካው ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ፤ ሙቅ ውኃ ደሙን እዚያው ያበስለዋል። ቡና ከፈሰሰም ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ከዚያ በሳሙና።

ሰውነትና ሐሳብ

መስኮት አጠገብ፣ ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ ይቀመጡ፤ ከቀኝ ከመጣ የእጅዎ ጥላ ስፌቱ ላይ ያርፋል። ጭንዎ ላይ ትራስ አድርገው ሥራውን ወደ ዓይን ያምጡት እንጂ አንገትዎን ወደ ሥራው አይድፉ። በየ20 ደቂቃው ራቅ ወዳለ ነገር፣ ወደ ጋራው ወይም ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ይመልከቱ። አውራ ጣት ሥር ወይም የእጅ አንጓ ላይ ሕመም ከጀመረ የዕለቱ ሥራ አብቅቷል። መርፌውን በጣም አጥብቆ መያዝ ነው ምክንያቱ፤ በቀላሉ ከእጅ እስኪወጣ ድረስ አላልተው ይያዙት።

ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ሦስት ስፌት ሲጭኑ አየር ወደ ውስጥ፣ ክሩን ሲስቡ ወደ ውጭ። ይህ ምትሐት የለውም፤ እጅ በአንድ ነገር ሲያዝና ትንፋሽ ረገብ ሲል ሐሳብ መሮጡን ይቀንሳል፣ ያ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን አይቀንስም፤ ያን ቀን አንድ መስመር ሰፍቶ መነሳት ነው። ለብቻ ከከበደዎት ቡና ሲፈላ ከጎረቤት ጋር ይስፉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአራት አምስት መስመር ይበቃል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከሁለት ሳምንት በላይ ለጠፋበት ሰው ግን መርፌና ክር መድኃኒት አይደሉም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር ያስፈልጋል።

መርፌዎቹን ሲጀምሩና ሲጨርሱ ይቁጠሩ። ምንጣፍ ውስጥ የገባ መርፌ የሚገኘው በልጅ እግር ነው።

ጠርዙና መጨረሻው

ስፌቱ ጨርቁን ስለሚሰበስበው 46 የነበረው አሁን 45 ገደማ ሆኗል፤ አይደንግጡ። ውስወሳውን መዝዘው ያውጡ። የቀረውን 3 ሳ.ሜ. የሥር ጨርቅ አንዴ 1.5 አጥፈው፣ ሌላ ጊዜ 1.5 አጥፈው ወደ ፊት በማምጣት የብጣሾቹን ጠርዝ ያልብሱት። ማዕዘኑ ላይ መጀመሪያ ጫፉን ወደ ውስጥ በሦስት ማዕዘን አጥፈው ከዚያ ሁለቱን ጎን ያጣጥፉ፤ ጫፉን ሳያጥፉ ከገቡበት ማዕዘኑ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ጠርዙን ጠበቅ አድርገው በ4 ሚ.ሜ. ልዩነት ይዘምዝሙ፣ ብዙ የሚነካው እሱ ነውና።

ለብ ባለ ውኃ በቀስታ ታጥቦ አሚዶው ይውጣ፤ አይጠመዘዝም፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ ጥላ ውስጥ በአግድም ተዘርግቶ ይደርቃል። ሽቦ ላይ ከተሰጣ በራሱ ክብደት ወደ አንድ ጎን ይረዝማል።

ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብናኝና ከ3 ሳ.ሜ. ያነሰ ቁራጭ በአሮጌ ካልሲ ጣት ውስጥ አጭቀው አፉን ይስፉት፤ የስፒልና የመርፌ መሰኪያ ይሆናል። የንጹሕ ጥጥ ክር ቅሪት ከአበባ ማሰሮ አፈር ጋር ቢቀላቀል ይበሰብሳል። ፖሊስተር ያለበት ግን አይግባበት፤ በሚቀጥለው ዓመት አፈሩ ሲገለበጥ እንዳለ ይወጣል።